የሚዛን ቤቱ የስረዛ ወረቀት

ጥቅምት 8 ቀን

እትዬ፣

መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ ሰላምታ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። እኛ ደህና ነን። የአባዬ ቀኝ እጅ ከሕመሙ ወዲህ እንደማይታዘዝለት ታውቂያለሽ፤ ምላሱ ግን ከድሮውም ተስሏል። ትናንት ሸሚዙን ስቆልፍለት፣ "ይህቺ ልጅ አራት ቁልፍ ለመቆለፍ እንደ ባንክ ዘበኛ ዞር ዞር ትላለች" አለኝ።

የዘገየሁት ረስቼው አይደለም። ቢሮ ገብቶ ሰው ማናገር ምን እንደሚያደርገኝ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ቀን፣ ጠዋት ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ስወጣ፣ እስከ ንግድ መዝገብ ቢሮው በር ሄጄ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው፣ "አንቺ ልጅ፣ በሩን እስከ መቼ ደግፈሽ ትቆሚያለሽ? ሳትደግፊውም አይወድቅም" አለኝ። አፍሬ ገባሁ።

የጠየቅሽኝን በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ልድገመው። የራስሽን የሚዛን ጥገና ቤት ለመክፈት ፈቃድ ስትጠይቂ፣ አባዬ ድሮ በነበረው የሚዛን ጥገና ማኅበር መዝገብ ላይ ስምሽ ተገኘ። ስለዚህ ማኅበሩ ፈርሶ ከመዝገብ መሰረዙን የሚገልጸውን ወረቀት ካላመጣሽ ፈቃድ አይሰጡሽም። ስምሽ ለምን እዚያ እንደተገኘ ግን አልጻፍሽልኝም።

ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ የካርድ መሳቢያዎቹን ስቦ ስቦ፣ "እኔ ዘንድ ያሉት በሕይወት ያሉት ናቸው። የፈረሰ ከሆነ ምድር ቤት ውረጂ" አለኝ። ምድር ቤት አንዲት ሴትዮ አሉ፤ የመደርደሪያዎቹን ቁልፎች በገመድ አድርገው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። እኔ ለራሴ ባለቁልፏ ብያቸዋለሁ። የማኅበሩን ስም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የፈረሱት እዚህ በስማቸው አይቀመጡም፣ ልጄ። ስማቸውን ሌላ ሰው ወስዶት ይሆናል። የሚቀመጡት ከመዝገብ በተሰረዙበት ቀን ተራ ነው። የተወለደበትን ተይው፤ የሞተበትን ቀን አምጪልኝ።"

አባዬን ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? "እሱን እንደራሴ ናት የምታውቀው። ጻፊላት።" አሁንም እንደራሴ ነው የሚልሽ። አንቺ ከሄድሽ ይህን ያህል ዓመት አልፎ አሁንም ወኪሉ አንቺ ነሽ። ሸሚዙን የምቆልፍለትን እኔን ግን ጭምት ብቻ ነው የሚለኝ።

ቀኑን ጻፊልኝ።

ጭምት

*

ጥቅምት 17 ቀን

ጭምቴ፣

ዘበኛው እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው እልሽ ነበር። ግን ገባሽ፤ ይኸው ነው ቁም ነገሩ።

ቀኑ ሰኔ 12 ነው፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ አንቺ ስድስት ዓመት ልትደፍኚ ስትይ። አባዬ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለአከራዩ ሲያስረክብ ቆሜ አይቻለሁ። ስሜ ለምን እንዳለበት ብዙ አትጨነቂ፤ ረጅም ወሬ ነው፣ ስንገናኝ ይሻላል። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ የጎረቤት ስልክ ነው፣ እነሱ ጆሮ ይቀስራሉ፣ አንቺ አፍሽ ይያዛል፤ ለማን ልናገር?

ስለ ጊዜው ደግሞ ልንገርሽ። ያየሁት ሱቅ ከገበያው በር ፊት ለፊት ነው። ሚዛኑ የተበላሸበት ነጋዴ ሁሉ ተሸክሞት ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የኔን በር ይሆናል። አከራዩ እስከ ኅዳር 30 እጠብቅሻለሁ ብሎኛል፤ ፈቃድ ሳልይዝ ግን ውል አይፈርምም። ከኋላዬ ቁልፍ ሠሪው ተሰልፎ ቆሟል። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ሱቅ፣ በሰው ወንበር ተቀምጬ የሰው ሚዛን ጠግኛለሁ። ይህ ካመለጠኝ ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ አላገኝም፣ ጭምቴ። ዕድሜዬም ሠላሳ ሆነ።

አብራ የተጣጠፈችው ወረቀት ለአባዬ ናት። ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

እህትሽ

*

ጥቅምት 28 ቀን

እትዬ፣

የሰኔ 12ን መዝገብ አየሁት፤ የለም። ሙሉውን ሰኔ አየሁት፤ የለም። ባለቁልፏ ሳቁብኝ።

"በር የተዘጋበትንና ማኅበር የሞተበትን ቀን የሚያምታታው ሰው ብዛቱ" አሉ። "በር አንድ ሰው ይዘጋዋል። ማኅበር ለማፍረስ ግን አባላቱ ተሰብስበው ይወስናሉ፣ ሁሉም ይፈርማሉ፣ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፣ በጋዜጣ ይነገራል፣ የሚጠይቅ ካለ ይጠበቃል፣ የመጨረሻው ሪፖርት ይገባል። ከዚያ ነው የሚሰረዝ። አንዱ አልፈርምም ብሎ ካኮረፈ ዓመትም ይፈጃል።"

ስለዚህ ከሰኔ ወዲህ ያለውን አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። ጥራዞቹ ስላረጁ በቀን ከሁለት በላይ አያወጡልኝም። እውነቱን ልንገርሽና ቦታውን ወድጄዋለሁ። ከፍ ብላ ባለች መስኮት የመንገደኛ እግር ብቻ ይታያል። ማንም አያናግረኝም። የሳሙና ሠሪዎች፣ የጃንጥላ ሰፊዎች፣ የሙሽራ ልብስ አከራዮች፣ ሁሉም አሉ፣ ሁሉም ፈርሰዋል። ሴትየዋ አንዱን ጥራዝ ሲያቀብሉኝ ምን አሉኝ፦ "ስሙ 'ወንድማማቾች' የሚል ማኅበር ቶሎ ነው እኔ ዘንድ የሚደርሰው።"

ወረቀትሽን ለአባዬ እንዳነብለት ብለሽኝ ነበር። አነበብሁለት። ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በደህና እጁ ጉልበቱን እየመታ ነው የሚሰማው። አንባቢዋ እኔ፣ ድምፁ የኔ፣ እሱ የሚሰማው ግን አንቺን ነው። ስጨርስ "አየሽ፣ ጨዋታዋ ሳይቀር እኔን ነው" አለኝ። እኔ ማንን እንደምመስል አልነገረኝም።

አንድ መስመር ዘልያለሁ። የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ጭምት

*

ኅዳር 9 ቀን
(ያልተላከ)

እትዬ፣

አገኘሁት።

በሩ ከተዘጋ ዓመት ከአራት ወር በኋላ፣ በጥቅምት ጥራዝ ውስጥ ነው ያለው። የስረዛ ማረጋገጫው ዋናው ሳይቀር እዚያው ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያን ሁሉ ዓመት ማንም መጥቶ አልተረከበውም። የተረካቢ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። አባዬ በግራ እጁ ፈርሞ የሰጠኝን ውክልና አሳይቼ ተረከብሁ። ከጀርባው ያለውን ቃለ ጉባኤም ባለቁልፏ በፎቶ ኮፒ ሰጡኝ። "እልል በይ እንጂ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" አሉኝ።

ፊቴ የጠቆረው የአባላት ዝርዝር የሚለውን ገጽ አይቼ ነው። ሦስት ሰው ነው ያለው። አባዬ፣ አጋሩ ሰዓት ሠሪው፣ ሦስተኛዋ አንቺ። አባልና ምክትል ሥራ አስኪያጅ ይላል። በአሥራ ስምንት ዓመትሽ! እኔ መፍቻ የምታቀብዪ፣ ጠረጴዛ የምትጠርጊ ይመስለኝ ነበር። ለካ አባዬ እንደራሴ የሚልሽ ሲያቆላምጥሽ አይደለም። በማኅተም ሰጥቶሽ ኖሯል።

ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አየሁት። የአምስት ዓመት ልጅ የማኅበር አባል እንደማትሆን አውቃለሁ። ግን አየሁት።

ቃለ ጉባኤውን አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ጽሕፈትሽ ያምራል። እሱም አናደደኝ፤ ሁለት መስመር አይቼ ተውኩት። እኔ እኮ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት አባዬን የሚያነሳና የሚያስቀምጥ ሰው ስለጠፋ ነው። በወቅቱ ለአንቺ ስንጽፍ "ትምህርቱ ስላልሆነላት" አልን። ያልሆነልኝ ትምህርቱ አልነበረም።

የዘለልኋት መስመር ይህቺ ናት፦ "ሱቁ ሲከፈት መጥቼ እወስድሃለሁ አባዬ፤ እኔ ሚዛን እጠግናለሁ፣ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትሳደባለህ።" እወስድሃለሁ ነው የሚለው። ስለ እኔ አንድ ቃል የለውም። ወረቀቱ እጅሽ ከገባ ፈቃድ ታገኛለሽ፣ ፈቃዱን ካገኘሽ ሱቁን፣ ሱቁን ካገኘሽ አባዬን። እኔ ደግሞ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የማንን ሸሚዝ ልቆልፍ ነው?

ወረቀቱ ከፍራሼ ሥር ነው።

*

ኅዳር 9 ቀን

እትዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ። እኛ ደህና ነን። ወረቀቱ እስካሁን አልተገኘም። የምንፈልገው ጥራዝ ለጥረዛ ሄዷል ይላሉ። መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሲመለስ አይቼ እጽፍልሻለሁ። አባዬ ሰላም ብሎሻል።

ጭምት

*

ኅዳር 18 ቀን

ጭምቴ፣

የመጨረሻዋ ደብዳቤሽ አጠረችብኝ። ታመሽ ነው? ወይስ አባዬን የሆነ ነገር አግኝቶት ትደብቂኛለሽ? ካለ ንገሪኝ። ነገር መደበቅ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ፤ እንዳትበልጪኝ።

ስለ ወረቀቱ እንግዲህ ምን ልበል። ባለቁልፏን ደጅ ጥኚልኝ። ጠራዡ ዘንድ ሄደሽ ጥራዙን እዚያው ማየት ይቻል እንደሆን ጠይቂልኝ። ሰው ማናገር እንደሚከብድሽ እያወቅሁ ነው የምለምንሽ። የሱቁን መደርደሪያ ለክቼ ለአናጺው ሰጥቻለሁ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ቁልፍ ሠሪው በሩ ላይ ተደግፎ "እህቴ፣ ወረቀትሽ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?" ብሎ ሳቀብኝ። አከራዩም አብሮ ሳቀ። ቀኑ እየሄደብኝ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፋይሉ ሲገኝ ቃለ ጉባኤ የሚባል ነገር ይኖረዋል። አታንብቢው። እኔ የምፈልገው የስረዛ ማረጋገጫውን ብቻ ነው። አደራ።

እህትሽ

*

ኅዳር 26 ቀን

እትዬ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የስረዛ ማረጋገጫው አለልሽ። ዋናው ነው። ዛሬ ብልከውም እስከ ኅዳር 30 እንደማይደርስ አውቃለሁ። የፖስታ ቤቷ ሴት በትንሹ ስድስት ቀን አለችኝ።

ጥራዙ ለጥረዛ አልሄደም። ውሸቴን ነው። ወረቀቱ አሥራ ሰባት ቀን ፍራሼ ሥር ነበር። ሳልልክልሽ የቀረችውን ደብዳቤም አብሬ አድርጌያታለሁ፤ ከዚያ በተሻለ ማስረዳት አልችልም። እሷን አስቀድመሽ አንብቢ፣ ከዚያ ወደዚህች ተመለሺ።

አታንብቢ ባትዪኝ አላነበውም ነበር። ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ አባዬ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል አወጣሁትና እስከ መጨረሻው አነበብሁት። በራስሽ እጅ የጻፍሽው ስለሆነ ልድገምልሽ አይገባም። ግን እደግመዋለሁ፣ ለኔ ነው።

"ሰብሳቢው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ትንሿን ልጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው እንደሌለ ገልጸው፣ አባል የሆነችው ታላቅ ልጃቸው ትይዛት እንደሆነ ጠየቁ። አባሏም፦ እኔ ሚዛን ጠጋኝ ነኝ እንጂ ሞግዚት አይደለሁም፣ ዘመድ ዘንድ ትላክ አለች። ሰብሳቢው፦ ከልጄና ከማኅበሩ አንዱ ይሂድ ከተባለ ማኅበሩ ይሂድ አሉ። ሰዓት ሠሪው ደገፉ። አባሏ ተቃወመች።"

ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ። የአባዬና የሰዓት ሠሪው የዚያኑ ቀን። ያንቺ በዓመቱ።

እትዬ፣ ደስ አለኝ። ይቅርታ፣ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው። አባዬ ማኅበሩን ያፈረሰው ለኔ ብሎ ነው። ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ 'ዘመድ ዘንድ ትላክ' የሚለውን መልሼ አየሁትና ሳቄ ቀረ። ከዚያ ደግሞ ያንቺ ነገር መጣብኝ። አንዲት ቃል እንኳ አላለሰለስሽም። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ፣ ብትፈልጊ "አባሏ ሐሳብ ሰጠች" ብለሽ ማለፍ ትችዪ ነበር። የተናገርሽውን እንዳለ ጻፍሽው። እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም ነበር። አየሽው አይደል፣ ለጥረዛ ሄዷል ነው የምለው።

አባዬ ሲነሳ ጠየቅሁት። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ውለታ አስመስዬ?" አለኝ። በደህና እጁ ብርድ ልብሱን እየገፈፈ፣ "ደግሞ ብነግርሽ እሷን ትጠያት ነበር" አለኝ።

ሳይነግረኝም ትንሽ ጠልቼሽ ነበር። ይህን አልነገርሁትም፤ ላንቺ ግን ልጻፈው። ሱቁ ካመለጠሽ ያመለጠሽ በኔ ነው። በቢሮውም፣ በባለቁልፏም፣ በፖስታውም አታሳብቢ።

ጭምት

*

ታኅሣሥ 11 ቀን

ጭምት፣

ፖስታሽ ታኅሣሥ 3 ደረሰኝ። ቁልፍ ሠሪው ታኅሣሥ 1 ገብቷል። አናጺው የሠራልኝን መደርደሪያ ለእሱ ሸጦለታል፤ ልኩ ለዚያ ግድግዳ ስለሆነ ለሌላ አይሆንማ። በዚያ በር ሳልፍ ቁልፎቹን ሰቅሎበት አየሁት።

ፈቃዱን ሰጥተውኛል። ወረቀቱን አገላብጠው አይተው ማኅተም መቱልኝ፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እናም ፈቃድ አለኝ፣ ቤት የለኝም።

ተናድጃለሁ። ሳምንት ቆይቼ የጻፍሁልሽ ንዴቴ እንዲበርድ ነበር፤ አልበረደም። "በኔ ነው" ብለሽ መጻፍሽ የሚያኮራ ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። አሥራ ሰባት ቀን ነው! እዚህ በየቀኑ አከራዩን በፈገግታ ስሸነግል አንቺ የኔ ወረቀት ላይ ትተኚ ነበር።

አሁን የኔን ስሚ።

የሰኔ 12ን ቀን የጻፍሁልሽ ተሳስቼ አይደለም። የተሰረዘበትን ቀን አውቀው ነበር። በሩ ከተዘጋ ከዓመት በላይ ቆይቶ መሰረዙን ካወቅሽ እኔ ለምን ዘግይቼ እንደፈረምሁ ትጠይቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን የሚፈጀውን ፍለጋ ሦስት ሳምንት ያደረግሁብሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከቀኑ የተወሰነውን እኔም በልቼዋለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም።

ዓመት ሙሉ አልፈርምም ያልሁት ማኅበሩ ይተርፍ መስሎኝ አልነበረም። በሩ ተዘግቷል፣ ሰዓት ሠሪው ሌላ ቦታ ገብቷል፣ ምን ይተርፋል? ያልፈረምሁት ባንቺ ስለተሸነፍሁ ነው። አባዬ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንደራሴ እያለ ያሳደገኝ እኔን ነው። አንዲት ንፍጧን ያልጠረገች ልጅ መጥታ በአንድ ጉባኤ ሁሉንም ወሰደችብኝ። ደግሞ የምትወስጂው ሳታውቂ ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። እኔ ስናገር አንቺ ከበሩ ሥር ተቀምጠሽ በሚዛን ድንጋይ ትጫወቺ ነበር። ቃሌን እንዳለ የጻፍሁት አባዬ ሲያነበው እንዲያመው ብዬ ነው። ቅንነት አድርገሽ እንዳትወስጂው።

የዘለልሻት መስመር። አባዬን ስወስድ አንቺን ጥዬ የምወስድ መሰለሽ? ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ያንቺ ነው ብዬ ነበር። ይህን በልቤ ይዤው ነበር፣ ግን አልጻፍሁትም። ለምን እንዳልጻፍሁት ይህን ሳምንት ሙሉ አስቤበት አወቅሁት። ቀን ሁሉ ከእሱ ጋር ነሽ። የሚስቅባቸውን ነገሮች አንቺ በደብዳቤ ታወሪኛለሽ፣ እኔ ከስድስት ቀን በኋላ እስቃለሁ። ለአንዲት ገጽ እንኳ፣ ስምሽ ሳይገባበት፣ እሱን ለብቻዬ ፈልጌው ነበር።

ለጊዜው አትጻፊልኝ ልልሽ ነበር። ካልጻፍሽልኝ ግን የአባዬን እጅ ማን ይነግረኛል?

እህትሽ

*

ጥር 2 ቀን

እትዬ፣

እጁ ያው ነው። ጣቶቹን ትንሽ ማጠፍ ጀምሯል፤ ሌባ ጣቱና አውራ ጣቱ ሊገናኙ አንድ የእህል ፍሬ ይቀራቸዋል።

ሁሉንም ነገርሁት። ፍራሹንም፣ ጥረዛውንም፣ ሱቅሽንም። የዘለልኋትን መስመርም አነበብሁለት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ሸሚዙን ራሱ ልቆልፍ ብሎ ግማሽ ቀን በአንድ ቁልፍ ዋለ። በሦስተኛው ቀን፣ "ነይ ቆልፊው፤ ቅናት አይጥ ነው፣ የሚበላው የገዛ ቤቱን ነው" አለኝ። "እኔ ነኝ አይጧ?" ብለው፣ "ሁለት ናችሁ እንጂ" አለኝ። ይህን የምጽፈው እየቀናሁ ነው፤ በስድስት ቀን ሲደርስሽ እንደምትስቂ አውቃለሁና።

ይቅርታ ብዬ ብዙ አልጽፍም። ያደረግሁትን ልንገርሽ።

መንገድ ዳር ያለችውን ክፍላችንን ባዶ አድርጌያታለሁ። አልጋዬን ወደ ውስጥ አስገባሁት። በሩ ሰፊ ነው፣ ብርሃን እስከ አመሻሹ አለው፤ ሁለት ጊዜ ለክቼው ልኩን ከጀርባ ጽፌልሻለሁ። ፎቅ ላይ ላለው ሰውዬ ሄጄ በአንድ ከተማ የወጣ ፈቃድ ወደ ሌላ ይዛወር እንደሆን ጠየቅሁት። ጮክ በዪ አለኝ። ጮክ ብዬ ጠየቅሁት። ይዛወራል፤ ማመልከቻ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዚያ ገበያ ሄድሁ። እኔ ነኝ የሄድሁት። መጀመሪያ ሽንኩርት ሻጯ ፊት ቆሜ ስላልተናገርሁ ሽንኩርት መዝና ሰጠችኝ፤ ተቀብዬ ሄድሁ። ሁለተኛው ላይ ምስማር ሻጩ፣ "ምን ልስጥሽ?" ሲለኝ፣ "ሚዛንህ ይዋሻል?" አልሁት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሰው ሁሉ ዞረ። ሰውየው ሊጮህብኝ ሲል፣ "እህቴ ትጠግናለች" አልሁ። ከጎኑ ያሉት ሲስቁበት እሱም ሳቀ፤ "ይዋሻል ልጄ፣ ግን ወደኔ ስለሚያደላ ደብቄው ነው" አለ። በሳምንት ውስጥ ስድስት ሚዛን ሰብስቤያለሁ። ክፍሉ ውስጥ በግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል። የምስማር ሻጩ ሚዛን ሳህኑ ተሰንጥቋል። አባዬ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን አስወጥቶ ይቀመጥና ሚዛኖቹን ይሰድባቸዋል። መጠገኛ እጅ ግን የለውም። እኔ ደግሞ አልችልም፤ ሞክሬ አንዱን ይበልጥ አበላሽቼዋለሁ፣ ትንሽ።

ነይ። ሱቅሽን አልመልስልሽም፣ ከገበያው በር ፊት ለፊትም አይደለም። ግን የራስሽ በርና የራስሽ ወንበር ነው። አባዬን መውሰድ የለብሽም፤ እሱ እዚሁ አለ።

የምፈራውንም ልንገርሽ፣ ደብቄሽ ያየሁትን አይቻለሁና። የመጣሽ ዕለት በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ። አባዬ ከኋላዬ ሆኖ አንቺን አይቶ ያለቅሳል። ለኔ አልቅሶልኝ አያውቅም፤ የትም ሄጄበት ስለማላውቅ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ እንኳ እንደሚያመኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ሻንጣሽን ተቀብዬ ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ ከቆየሁ እንዳትከተዪኝ። ሲወጣልኝ እመጣለሁ።

ጭምት